ከተፈታ አይቀር

በሕይወቴ ብዙ ብር ያስወጣኝ ዐረፍተ ነገር ሁለት ቃል ብቻ አለው። «የቤት ኪራይ ጨምሬያለሁ» የሚለው አይደለም፤ እሱ ቢያንስ ዓመት ጠብቆ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ነው የሚመጣው። የእኔው ሳይታሰብ፣ መኪና ሥር በጀርባው ከተኛ ሰው አፍ ይወጣል፦ «ከተፈታ አይቀር።»

የሚሉኝ ጋሼ ናቸው። ቄራ አካባቢ በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ፣ ሰባውን ያለፉ መካኒክ ናቸው። ሙያውን የለመዱት በልጅነታቸው ለአንድ ጣሊያን መካኒክ መፍቻ እያቀበሉ ነው። እኔ ደግሞ እነሆ በስተርጅና ቅዳሜ ቅዳሜ ለእሳቸው አቀብላለሁ፤ ልዩነቱ እሳቸው ያኔ ይከፈላቸው ነበር፣ እኔ እከፍላለሁ።

ያገናኘችን መኪና ቮልስ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል፣ ባለ 1300። ከኮተቤ ወዲያ አንድ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ አገኘኋት። ዶሮዎች ሰፍረውባት ነበር። ሻጩ «ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ የባትሪ ነገር ብቻ ነው» አለኝ። በ2009 ዓ.ም. 38 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ዶሮዎቹ በዋጋው ውስጥ አልነበሩም፤ እንቁላሉ ግን ነበር። ሁለት እንቁላል ከኋላ ወንበር ሥር፣ ከሞተው ባትሪ አጠገብ አገኘሁ። ከዚያች መኪና ያገኘሁት የመጀመሪያውና ለረጅም ጊዜ ብቸኛው ትርፍ እሱ ነበር።

ሰው «ከመኪና ሁሉ ለምን ቮልስ?» ይለኛል። ዓለም ጥንዚዛ እያለ የሚጠራት ይህች መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ራዲያተር የላትም፤ ውኃ አትጠጣም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ የዕቃ ቦታው ከፊት ነው። እንዲህ ያለች መኪና ምኗ ይበላሻል ብዬ ነው የገባሁበት። ለካ ቀላል መኪና ማለት የማይበላሽ ማለት አይደለም፤ ባለቤቱ «እኔም እኮ ልሠራት እችላለሁ» ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ማለት ነው። ጥፋቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍሁት ቋንቋ በመማር ነበር። ጋሼ ከመኪናዋ ሥር እጃቸውን ዘርግተው «ካቻቢቴ!» ሲሉ ማንም ያቀብላል። «ዳዶ! ሮንዴላ! ኩሽኔታ! ጓርኒሲዮን!» እያሉ ሲያከታትሉት ግን የቆምሁት ጋራዥ ይሁን ሮም ግራ ይገባኝ ጀመር። ጀርመን የሠራትን መኪና አዲስ አበባ ላይ በጣሊያንኛ እንፈታታለን። ከፊት ፓራውልት እስከ ኋላ ማርሚታ፣ ከኮፋኖ እስከ ካምቢዮ አንድም የሚቀረው የለም። ጣሊያን አምስት ዓመት ከርሞ ሲባረር መዝገበ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ጥሎ ሄዷል፤ አርበኞቻችን ያላስወጡት ጣሊያን ቢኖር ይኸው ነው። «ጎማ እንኳ የራሳችን ነው» ብዬ ስጽናና፣ እሱም የእነሱ ሆኖ ተገኘ። በአማርኛ የቀረልን መሪው ነው። እሱም በእኔዋ ቮልስ ላይ ሦስት ጣት ያህል ካልዞረ ጎማዎቹ ወሬ አይደርሳቸውም።

ታዲያ የመጀመሪያው «ከተፈታ አይቀር» የመጣው በፍሪሲዮን ሰበብ ነው። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። የቮልስ ፍሪሲዮን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ስለሆነ፣ ከሥሩ ክሪክ ያስገባ የለመደ ሰው የቀዳው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያወርደዋል። ጋሼ ሲያወርዱት አይቼ ደስ አለኝ። ደስታው የዋህነት ነበር። በቀላሉ የሚፈታ ነገር ቶሎ ቶሎ ይፈታል።

ሞተሩ እንደ ታረደ በግ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩት። «ከተፈታ አይቀር፣ ይቺን የዘይት ጎሚኒ እንቀይራት፤ ምንም አታወጣ» አሉኝ። እሺ አልሁ። ጎሚኒዋ ስትወጣ ቮላኖው ተቧጥጦ ተገኘ። «ከተፈታ አይቀር፣ ቶርኖ ቤት ደርሶ ይምጣ።» ቶርኖ ቤት ደርሶ እስኪመጣ የጋሼ እጅ ሥራ መፍታት አልወደደምና አንዱን ሲሊንደር ነካ አደረጉት። የቮልስ አራቱ ሲሊንደሮች ለየብቻ ነው የሚወልቁት፤ ነገር ግን የአንዱን ጉድ ያየ የሦስቱን ሳያይ እንቅልፍ አይወስደውም። ፋሻዎቹ አልቀዋል። «ከተፈታ አይቀር…» ፋሻው ተቀየረ። «ሞተሩ እንዲህ አምሮበት ቤቱ ቆሽሾ? ከተፈታ አይቀር፣ ይቀባ።» ለቀለም ሲፋቅ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ዝገት ወጣ። ዝገቱን ተከትለን ስንሄድ ወለሉ ላይ ደረስን። ጋሼ ወንበሩን አንሥተው ወደ ወለሉ ቢያጎነብሱ፣ በቀዳዳው አሻግረው ያዩት የገዛ ጫማቸውን ነው።

ፍሪሲዮን ላስቀይር የገባሁ ሰው በአሥራ አንደኛው ወር ቀለም እመርጥ ነበር። ፍሪሲዮኑስ? ገብቷል። ዋጋው ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ አምስት እጅ አይሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ በሙያዬ ኦዲተር ነኝ። ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ መጋዘን ገብቶ ሲገኝ ሰው የማስጨንቅ፣ ለአንዲት እስክርቢቶ ደረሰኝ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ሁለት መዝገብ መያዝ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለጀማሪዎች የማስተምረውም እኔው ነኝ። እኔው ራሴ ግን ሁለት መዝገብ ያዝሁ። አንዱ ሳሎን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው የቤት ወጪ ደብተር ነው፤ በእሱ ላይ አራት ካንዴላ «የመኪና እጥበት»፣ ሙሉ ማርሚታ ደግሞ «ልዩ ልዩ» ይባላል። እውነተኛው ደብተር የሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ግራ ገጹን ወጪ፣ ቀኝ ገጹን ገቢ ብዬ አሰመርሁት። በሰባት ዓመት ግራው ሞልቶ 412 ሺህ ብር ደረሰ። ቀኙ እንዳሰመርሁት ነጭ ሆኖ ቀረ። እንቁላሎቹን እንኳ አልመዘገብሁም።

በብር የማይጻፈውም አለ። ጥፍሬ ዓመቱን ሙሉ ሐዘን የተቀመጠ ይመስላል። ነጭ ሸሚዝ ከለበስሁ ቆየሁ። ከሁሉም የከበደኝ የጉርሻው ነገር ነው፤ በበዓል ማዕድ ላይ ጠቅልዬ ስዘረጋ ልጆቼ እንደ ተማከሩ ሁሉ አፋቸውን ይገጥማሉ። «አባዬ፣ ቤንዚን ይሸታል።» የአገሬ ሰው ጉርሻ የሚያጣላው ባለመብዛቱ ነው ይላል፤ የእኔው በመሽተቱ አጣላኝ።

ዕቃ ፍለጋውስ? መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሲኬድ ሕግ አለው። ዋናው ሕግ፣ የፈለጉትን ዕቃ ሲያገኙ እንደ ጠፋ ልጅ አቅፎ አለመሳም ነው። እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ጣስሁት። ሦስት ወር ሙሉ የፈለግሁትን የፊት መብራት ክፈፍ ከአንድ የብረት ክምር ጫፍ ላይ ሲያብለጨልጭ አየሁና ብድግ አድርጌ በሸሚዜ እጅጌ ወለወልሁት።

«ለቮልስ ነው?» አለ ልጁ።

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

«እንዲያው የቮልስ መብራት የሚወለውል ሰው የለም፣ ጋሽዬ» አለና ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ጠራው። «ኦርጅናል የጀርመን ነው» ሲል ጨመረበት። ብገለብጠው ብራዚል የተሠራ ይላል። አሳየሁት። ዓይኑን አላሸም፤ «ጀርመን ብራዚል ሄዶ የሠራው ነዋ!» አለኝ። ልከራከር አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት፤ ሐሰት አልነበረማ። ቮልስዋገን ብራዚል ውስጥ ትልቅ ፋብሪካ አለው፤ ጀርመን ይህችን መኪና መሥራት ካቆመ በኋላ እዚያ እየተሠራች ቆይታለች። እንዲህ እውነቱን ይዞ የሚያስከፍል ነጋዴ ሲገጥም ከፍሎ መውጣት ነው።

አሁን ወደ አማቴ ልምጣ። መኪናዋ ተቀብታ፣ እንደ መስከረም የአዲስ አበባ ሰማይ ሰማያዊ ሆና የወጣች ሰሞን፣ የክርስትና ጥሪ ነበረብን። አማቴ ሰውነታቸው ሞላ ያለ፣ ግርማ ያላቸው ሴት ናቸው። ከኋላ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ቀኝ ብዬ ያለ ምክንያት አልጠቀስሁም፤ የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው ያለው። ከላዩ መሸፈኛ ሊኖረው ይገባል። የእኛው መሸፈኛ የት እንደገባ የሚያውቁት ዶሮዎቹ ናቸው።

መገናኛን አለፍን። አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ልጄ፣ ይሄ ወንበር ደስ የሚል ሙቀት አለው» አሉኝ። በስፖኪዮው ፈገግ አልሁላቸው። «ያሁን ዘመን መኪና መቀመጫው ይሞቃል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ይኼ አሮጌ ነው ያሉኝ ሰዎች ዋሽተውኛል» ብለው መረቁኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከአማቴ አፍ ስለ መኪናዬ የሰማሁት ብቸኛ ምስጋና ነው፤ እሱም ሦስት ደቂቃ አልቆየም። ቀጥሎ፣ «ዕጣን ይዛችኋል እንዴ?» አሉ።

የወንበሩ ሽቦ በክብደት ጎብጦ የባትሪውን ሁለት ጫፍ አገናኝቷል፤ ሽቦው ግሎ ቃጫውን አያይዞታል። መኪናዋን ዳር አስይዤ፣ ወንበሩን ነቅዬ አስፋልት ላይ ወርውሬ፣ ለክርስትናው የተያዘውን ጠላ ደፋሁበት። አማቴ ነጠላቸውን እያራገፉ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ ጸበል ነው ያማረኝ እንጂ መቃጠል አይደለም» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚመጡት በሚኒባስ ነው። የጎማ ምንጣፍ ቆርጬ ባትሪውን ሸፈንሁት፤ ወጪው 80 ብር። ከዚህ የረከሰ ጥገና፣ ከዚህ የከበደ መዘግየት በደብተሬ ውስጥ የለም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ «ታዲያ ምን አገኘህባት?» ማለትህ አይቀርም። ይህን ጥያቄ ከአንተ በፊት ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ እኔም እንደ ሙያዬ ማስረጃ ሳልይዝ አልመልስም።

ይህች መኪና ስትሠራ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ሞተር ግን አየር ሲሳሳበት ይደክማል፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጉልበቷ ሩብ ያህሉ በዚህ ይጎድላል። ስለዚህ አሥሩ ፈረሶች አሰብ ወደብ ላይ ቀርተው፣ ተራራውን የወጡት ሠላሳዎቹ ብቻ ናቸው ማለት ነው። እነዚህን ሠላሳዎቹን ይዤ አንድ የበጋ ቀን፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ያዝሁ። ግማሽ ላይ ድርግም አለች። ካንዴላ ነቅዬ አየሁ፤ ደኅና ነው። ቤንዚን አለ። ሽቦው አልተነቀለም። እንጨት የተሸከሙ እናቶች እያዩኝ አለፉ፤ አንዷ «አይዞህ፣ እኛም እንዲህ እናርፋለን» አለችኝ። ሃያ ደቂቃ ተቀምጬ ብሞክራት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣች። በሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቆመች።

ለጋሼ ነገርኋቸው። ሳይነሡ፣ «ጨርቅ አርሰህ የቤንዚን ፓምፑ ላይ ጣል» አሉኝ። «ቤንዚኑ ፈልቶ ነው። ፓምፑ ሞተሩ ጎን ተቀምጦ ይግላል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ቶሎ ይፈላል። ፓምፑ የሚስበው ቤንዚን ሳይሆን እንፋሎት ይሆንበታል።» በሦስተኛው ሳምንት ቦታዋ ላይ ስትደርስ፣ ልማዷ ነውና፣ ቆመች። ጨርቄን በሃይላንድ ውኃ አርሼ ፓምፑ ላይ ጣልሁት። ጨርቁ ጢስ የመሰለ እንፋሎት ለቀቀ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሞተሪኖውን ብነካው ተነሣች።

ያን ቀን ብቻዬን በመንገድ ዳር እንደ ሞኝ ሣቅሁ። ምን አሣቀህ ብትለኝ፣ ምክንያት ማግኘቴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሠራሁበት ቢሮ ፋይል ይጠፋል፤ ማን እንዳጠፋው አይታወቅም። ከዓመት በኋላ ይገኛል፤ ማን እንዳገኘውም አይታወቅም። ስብሰባ ይጠራል፣ ችግሩ «የአሠራር ክፍተት» ይባላል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፣ ክፍተቱ ባለበት ይቀጥላል። ቮልስ ግን አንድም ቀን የአሠራር ክፍተት አጋጥሟት አያውቅም። ስትቆም የቆመችበት ነገር አለ፤ ያም ነገር ክንድ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጦ እስክታገኘው ይጠብቅሃል። እኔ ለዚህ ነው የምከፍለው። ሰው ለባሰ ነገር ይከፍላል።

ሌላም አለ። መንገድ ላይ ስትቆም የሚገፋ ሰው አይጠየቅም፤ ራሱ ይመጣል። ዘመናዊ መኪና ሲቆም ሰው ክላክስ ያደርጋል፤ ቮልስ ስትቆም እጅጌውን ይሰበስባል። ክብደቷ ከ800 ኪሎ ስለማያልፍ ሦስት ጎረምሳ ይበቃታል፤ የሚመጡት ግን ስድስት ናቸው፤ ከስድስቱ ቢያንስ አንዱ፣ «አጎቴ ነበረችው» ይላል። የዚያ አጎት ቁጥር ከመኪኖቹ ቁጥር ሳይበልጥ አይቀርም።

በመካከሉ ዘመን ተለወጠና ወዳጆቼ አዋቂ ያደርጉኝ ጀመር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ የሚገባውን አሮጌ መኪና ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ወርቅ ሆነ። አንድ ሰውዬ ጋራዥ ድረስ መጥቶ ካወጣሁት በላይ ሰጠኝ። ጋሼ ከመኪናዋ ሥር ሆነው ሰሙ፤ መፍቻቸው ጸጥ አለ። «አልሸጥም» አልሁ። መፍቻው ቀጠለ። ኦዲተር ትርፍ ፊቱ ቀርቦለት እምቢ ሲል ያን ጊዜ አየሁ፤ አዘንሁለት።

ጎረቤቴ ግን ከዘመኑ ጋር ሄደ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። በእውነት ግሩም መኪና ናት። ድምፅ የላትም፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ግቢ ብትገባ ውሻው እንኳ አይሰማም። የእኔዋ ገና ከማዞሪያው ስትመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለቤቴ ድምፁን ሰምታ ወጥ ታሞቃለች፤ በር ላይ ስደርስ ወጡ ይፈላል። ይህን እንደ ጉድለት ነበር የማየው።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ቦሎ የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ሊብሬው ተፈለገ። እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ሊብሬው ያለው ያ የሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ቁልፍ አልጠየቀችኝም። የገዛ ካቻቢቴዬን አንሥታ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ አራት ብሎን ፈትታ፣ ሊብሬውን አወጣች። ከሥሩ ደብተሩ ነበር።

ሁለት ቀን ምንም አላለችም። በሦስተኛው ቀን ከእራት በኋላ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። የወጪው ገጽ አልተነካም፤ አንዲት ቀይ መስመር እንኳ አልተሰመረበትም። ሰባት ዓመት ነጭ ሆኖ የቆየው ቀኝ ገጽ ላይ ግን በእሷ የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተሞልቷል።

በገቢው ዓይነት ሥር፦ «ባሌ የት እንዳመሸ የማውቅበት ቅዳሜ።» በብዛት ሥር፦ «364።» በነጠላ ዋጋ ሥር፦ «የጎረቤታችንን ሚስት ጠይቃት።»

ደጋግሜ አነበብሁት። ማባዛቱ ልክ ነው፤ በዓመት 52 ቅዳሜ፣ በሰባት ዓመት 364። ደረሰኝ አልተያያዘም፤ ሞዴል 19ም አልተቆረጠም። እስክርቢቶዬን አውጥቼ ከሥሩ ፈረምሁ። በሙያ ዘመኔ ያለ ማስረጃ ያጸደቅሁት ሒሳብ እሱ ብቻ ነው።

እፎይ ብዬ ደብተሩን ልዘጋ ስል ባለቤቴ ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ በእጇ ያዝ አደረገችው።

«ከተፈታ አይቀር፣» አለችኝ፣ «የባንክ ደብተሩንም አምጣው።»